ቅዳሜ ቅዳሜ መብራት የሚያጠፉት ጋሽ ደቻሳ

ጋሽ ደቻሳ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሽንኩርት ሻጭ ናት። ኪሎዬን እየመዘነች፣ ቀና ሳትል፣ "ያ ሬዲዮ ሠሪው ሽማግሌ እኮ አረፉ፤ ትናንት ተቀበሩ" አለችኝ። "የትኛው?" አልኳት። አዳማ ውስጥ እኔ የማውቀው ሬዲዮ ሠሪ ሽማግሌ ከእሳቸው ሌላ የለም፤ ግን ጠየቅሁ። "የአርሲ ደራው ሰውዬ፣ ደቻሳ የሚባሉት" አለች። ከዚያ ወዲያ ያለችውን አልሰማሁም። የከፈልኩበትን ሽንኩርት ትቼ ስሄድ ከኋላ ጠርታ አስመለሰችኝ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለሄለን ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ለቅሶ አብሬሽ ልሂድ?" አለችኝ።

"መጀመሪያ ብቻዬን ልሂድ" አልኳት።

ግን ወዲያው አልሄድኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ነጠላዬን አውጥቼ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ አንዴ ራሴን አሞኛል እያልኩ፣ አንዴ ፀሐዩ ይብረድ እያልኩ ቆየሁ። እሳቸው ቤት ገብቼ ፊት ለፊት የማያት አንዲት ሴት ስላለች ነው። ወደ እሷ በኋላ እመጣለሁ።

ከጋሽ ደቻሳ ጋር የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ ነው። ከናዝሬት ወጣ ብሎ፣ አዋሽ ዳር፣ ብርቱካንና ቲማቲም የሚያለማ የመንግሥት እርሻ ነበር። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፤ እሳቸው አርባን የተሻገሩ ኤሌክትሪሺያን። ረጅም ናቸው፤ ሲሄዱ ከፊታቸው ዝቅ ያለ በር ያለ ይመስል ትንሽ ጎንበስ ይላሉ። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የሸሚዝ ኪሳቸው ካቻቢቴ ይሰካሉ። ስብሰባ ላይ ፈርሙ ሲባሉ ካቻቢቴውን መዘው ወረቀቱ ላይ ያሳርፉና "እህ" ብለው ይመልሱታል። እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው አይስቁም። አማርኛቸው የአርሲ ለዛ ነበረው። ነገር ሲጀምሩ "ሜ እስቲ" ይላሉ፤ "ሜ እስቲ ይቺን ሽቦ ያዢልኝ"፣ "ሜ እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ነው ይቺን የነካው?"

ስለ አንድ ዕቃ "ይሠራል" ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። የውሃው ሞተር ደህና ነው ወይ ብሎ ኃላፊው ሲጠይቃቸው "ዛሬ ሠርቷል" ይላሉ። ኃላፊው ይናደድ ነበር። "አቶ ደቻሳ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?" ይላቸዋል። "ዛሬ ሠርቷል ጌታዬ። ነገን ነገ ጠይቁኝ።"

ሰው ከሁሉ በላይ የሚማረርበት የቅዳሜው ነገራቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ መውጫ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሄደው ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ያወርዱታል። እርሻው በሙሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞራሉ። የክሊኒኩ ክትባት ያለበት ማቀዝቀዣ በላምባ መሥራት ይችላል? ከጉድጓዱ በእጅ ውሃ ይወጣል? የመጋዘኑ በር ያለ ሞተር ይከፈታል? አንድ ቀን የሒሳብ ክፍሉ ሰው "ምን ፈልገው ነው በየሳምንቱ የሚያጨልሙብን?" ብሎ ጮኸባቸው። ጋሽ ደቻሳ ቆም ብለው፣ "መብራት ሲጠፋ የሚቀረው ነው የራሳችን። ሌላው ውሰት ነው" አሉት። ያኔ የሽማግሌ ተረት መስሎኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሄለን መናገር የጀመርኩት የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ነው፤ ጋሽ ደቻሳ አንድ ቀን ቤታችን መጥተው በድረ ገጽ ጉዳይ ከእሷ ጋር ከተከራከሩ በኋላ።

ልጄ ድረ ገጽ ትሠራለች። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምትሠራቸውን ገጾች አማርኛ አነብላታለሁ፤ የተሳሳተ ፊደል እለቅማለሁ። ያን ሰሞን ለአንድ የግል ክሊኒክ ሠርታ ነበር፤ የትኛው ሐኪም በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ካርታውን። ገጹ ሲያዩት ደስ ይላል። የሐኪሞቹ ፎቶ ተራ በተራ ይመጣል፤ ቀኑን ሲነኩት ይገለጣል። ለሰፈር ሰው ሁሉ "የልጄ ሥራ ነው" እያልኩ አሳይቻለሁ። ለጋሽ ደቻሳም ሱቃቸው ድረስ ሄጄ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ደራ ያሉት እህታቸው ዓይናቸውን ታመው ነበርና።

በሳምንቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ደቻሳ ናቸው፤ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው አንዲት አሮጊት፣ ዓይናቸው በሻሽ የተሸፈነ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ሜ እስቲ፣ ልጅሽ አለች?" አሉኝ።

ሄለን ወጣች። ስልካቸውን ዘረጉላት። "ደራ ሆኜ ገጽሽን ከፈትኩት። ይኸው እንዲህ ነው የሆነው።" ነጭ ነው። ምንም የለበትም፤ ላዩ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ይዞራል። ደጋግመው ሞክረው ሲያቅታቸው፣ የዓይን ሐኪሙ መቼም ይኖራል ብለው እህታቸውን አሳፍረው መጡ። ሐኪሙ የሚገባው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ያን ቀን ሐሙስ ነበር።

"በእኔ ስልክ ይከፈታል እኮ" አለች ሄለን፣ የራሷን አውጥታ። ተከፈተ። ፎቶዎቹ መምጣት ጀመሩ።

ጋሽ ደቻሳ በትዕግሥት አዩት። "ያምራል" አሉ። "ደራ ግን ኔትዎርኩ እንደ ሽማግሌ ነው፤ አንድ እርምጃ ሄዶ ያርፋል። ሜ እስቲ ንገሪኝ፣ ምን እየጠበቀ ነው ይሄ የሚዞረው?"

"ጃቫስክሪፕቱን ነው፣ ጋሼ። ገጹን የሚሠራው ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ እሱ ይወርዳል፤ ከዚያ እሱ ሐኪሞቹን ያመጣል፣ ይደረድራል።"

"እሱ ካልደረሰስ?"

"አሁን ጃቫስክሪፕት የሌለው ስልክ የለም፣ ጋሼ። የእርስዎም አለው።"

"የለውም አላልኩም። መንገድ ላይ ከቀረስ ነው የምልሽ።"

ሄለን ትንሽ ቅር አላት። ልጄን አውቃታለሁ፤ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የዛሬ ገጽ እንዲህ እንደሚሠራ፣ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ሰዓቱ ወዲያው መያዙን ለሌላው ማሳየት ያለዚያ ፕሮግራም እንደሚከብድ፣ ያለሱም በሱም እንዲሠራ ማድረግ አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት እንደሆነ አስረዳቻቸው። ጥፋት አልነበረባትም፤ የነገረቻቸው ሁሉ እውነት ነው።

"ገባኝ" አሉ ጋሽ ደቻሳ። "ካርታው ይቅር። ፎቶውም ይቅር። ቀጠሮውንም በስልክ ደውዬ እይዛለሁ። የሐኪሙ ቀንና የስልኩ ቁጥር ግን ጽሑፍ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ለምን ያን ሁሉ ዕቃ ይጠብቃል? እሱ አስቀድሞ ይግባ፤ ጌጡ ሲመጣ ይምጣ።"

እህትየው ባጃጁ ውስጥ ሆነው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ጋሽ ደቻሳ መለሱላቸውና ወደ እኛ ዞሩ። "እቤቴ ታድራለች። ነገ ይገባል አይደል? ዓርብ ነው።" ሄዱ።

ሄለን ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ወደ ማታ ላይ ጠራችኝ። ኮምፒውተሯ ላይ ጃቫስክሪፕቱን ራሷ አጥፍታ የክሊኒኩን ገጽ ከፍታዋለች። ነጭ ነው። "የሠራኋቸውን አራቱንም ከፈትኳቸው፣ እማዬ" አለች። "አራቱም እንዲህ ናቸው።" ከዚያ ቀና ብላ፣ "እኚህ ሰውዬ ምን ደርሶባቸው ነው እንዲህ የሚሉት?" አለችኝ።

የእርሻውን ታሪክ የነገርኳት ያኔ ነው።

እርሻው አራት የሠራተኛ ሰፈር ነበረው፤ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር እያልን ነበር የምንጠራቸው። አብዛኛው ሠራተኛ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣ ነው። በየሰፈሩ ግራር ላይ አንድ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሥራ መግቢያ ሲደርስ በመዶሻ ይመታል። አዋሽ ሲሞላ ደግሞ ሳይቋረጥ ይመታል፤ ያኔ ሁሉም ልጁን አንስቶ ወደ ጉብታው ይሮጣል።

አንድ ዓመት እርሻው ሳይረን ተሰጠው። በየሰፈሩ ምሰሶ ተተከለ፤ በየምሰሶው ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ፤ ሽቦው ሁሉ ቢሮ ገባ። ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ቀይ ቁልፍ ተደረገ። ቁልፉን ሲጫኑት አራቱም ሰፈር ባንድ ጊዜ ይጮሃል። የዘረጉት ጋሽ ደቻሳ ናቸው፤ ደስ ብሏቸውም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሲሞከር የብርቱካኑ ወፍ ሁሉ ሰማዩን ሸፈነው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሽቅብ እያዩ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ።

ጠቡ የመጣው ሐዲዶቹ ይውረዱ ሲባል ነው። የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ ታደሰ ስብሰባ ጠራ። ሐዲዱ የባላባት ዘመን ቅሪት ነው፤ በእሱ ድምፅ ሠራተኛው እንደ ከብት ሲነዳ ኖሯል አለ። ይህ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ከከምባታ የመጡ አንድ አዛውንት ተነስተው፣ "ያ ብረት ሲጮህ እስከ ዛሬ የድሮው ካቦ አለንጋ ነው የሚታየኝ" ብለው ሲናገሩ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ጋሽ ደቻሳ እጃቸውን አወጡ። "ሳይረኑ ይጩህ። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ግን ቀጭን ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለየምሰሶው የራሱ ባትሪ ይሰጠው፤ ብረቱም ባለበት ይቆይ። አዲሱ በላዩ ይጨመር እንጂ የታችኛው አይነቀል።"

"ሳይረኑ ላይ እምነት የለህም ማለት ነው?" አለ ጓድ ታደሰ።

"ይሄ ነገር አንድ ቀን ሳይጮህ ይቀራል" አሉ ጋሽ ደቻሳ። "ያን ቀን ደቻሳ ብሎ ነበር ትላላችሁ።"

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያሉትን ቃል በቃል ጻፍኩት። በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ሐሳብ በደብዳቤ እንድጽፍላቸው አመጡልኝ፤ ባትሪ ይገዛ፣ ሐዲዶቹ አይነሱ የሚል ነው። በካርቦን ሁለት ቅጂ መታሁት። ዋናውን ለጓድ ታደሰ አስገባሁ፤ ቅጂው የእኔ ፋይል ውስጥ ቀረ። መልስ አልመጣም። ሐዲዶቹ ከሦስቱ ሰፈር ወረዱ። አራት ቁጥር የነበረው ብቻ ቀረ፤ ግራሩ ሰንሰለቱን ውጦት ስላደገ ዛፉን ሳይቆርጡ ማውረድ አልተቻለም።

ውሃው የመጣው ነሐሴ ውስጥ፣ በእሑድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የዘነበው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። የሬዲዮ መገናኛው ሠራተኛ ሮጦ ገባና ከላይ የተላከውን መልእክት ነገረኝ፤ ብዙ ውሃ ወርዷል፣ ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት ነው አለ። ቁልፉን ተጫንኩ። ከቢሮው ጣሪያ ላይ ያለው ሳይረን አምባረቀ፤ ጆሮዬን ያዝኩ። ቀይዋ አምፖል በራች። መዝገቡን ከፍቼ "ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል" ብዬ ጻፍኩና ሰዓቱን ሞላሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

የጮኸው ግን የቢሮውና አጠገባችን ያለው የአንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ወደ ታች የሚሄደው ሽቦ አንድ ገደል ይሻገራል፤ ቀደም ሲል የመጣ ጎርፍ አንዱን ምሰሶ ቦርቡሮ ጥሎት ሽቦው ተበጥሷል። እኛ ማንም አላወቅንም።

ጋሽ ደቻሳ ያን ዕለት አራት ቁጥር ከዘበኛው ጋር ምሳ ሊበሉ ሄደው ነበር። ከሩቅ፣ ከቢሮው በኩል፣ የሳይረን ድምፅ ቀጠን ብሎ ሰሙ። አናታቸው ላይ ያለው ዝም ብሏል። ቁራሹን ጥለው መዶሻ አነሱና ያን የቀረ ሐዲድ መምታት ጀመሩ። ሰው ሲነቃነቅ መዶሻውን ለዘበኛው ሰጥተው በቢስክሌት ወደ ሦስት ቁጥር በረሩ፤ "ቢሻን! ቢሻን! ውሃ መጣ!" እያሉ ቤት ለቤት አስወጧቸው። ወደ ሁለት ቁጥር ሲመለሱ ውሃው መንገዱን ቆርጦታል።

ሁለት ቁጥር አብዛኛው ሰው የሌላውን ሰፈር ጩኸት ሰምቶ አመለጠ። ማርታ የምትባል ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ወንዝ ዳር ልብስ ታጥብ ነበር። ሦስቱም ቀሩ። ማርታን አውቃታለሁ። ዱራሜ ላሉት እናቷ ደብዳቤ የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። "ደህና ነኝ በይልኝ፤ ቦታው ሙቀት ነው እንጂ ደህና ነው በይልኝ" ትለኝ ነበር።

በሳምንቱ አጣሪዎች መጡ። ለሞተ ሰው ጥፋተኛ ያስፈልጋል። ሽቦውን የዘረጋው ደቻሳ፣ "ሳይጮህ ይቀራል" ያለውም ደቻሳ። ቃለ ጉባኤዬን አወጡት። እኔ እውነቱን የጻፍኩት ወረቀት የአሻጥር ማስረጃ ሆነ፤ ያቀደው ነገር ባይሆን ከየት አወቀ ተባለ። ጋሽ ደቻሳ ታሰሩ።

ተጠርቼ ገባሁ። "ይህን ቃል ተናግሯል?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። ጓድ ታደሰ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ያየኛል። "ባትሪ ይገዛ ብሎ በጽሑፍ አመልክቻለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ታውቂያለሽ?"

ፋይሉ ከዚያ ክፍል አሥር እርምጃ አይርቅም።

"አላስታውስም" አልኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ቅጂውን በጉያዬ ደብቄ ቤቴ ወሰድኩና ከሰል ላይ አቃጠልኩት። ካርቦን ቅጂ ሲቃጠል ፊደሉ ለትንሽ ጊዜ ያንጸባርቃል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ቢሮ መጡ፤ ሕፃን አዝለዋል። ጠረጴዛዬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ጽጌ እኅቴ፣ ጽፌያለሁ ብሎኛል። ባንቺ እጅ ነው የተጻፈው ብሎኛል። እስቲ ፈልጊልኝ" አሉኝ። ተነስቼ ፋይሎቹን አገላበጥኩ። የሌለ ነገር እየፈለግሁ ብዙ ቆየሁ። "የለም፣ እትዬ" አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ጋሽ ደቻሳ ከታሰሩ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ያለ ፍርድ ተፈቱ። እርሻው አልመለሳቸውም። ናዝሬት ውስጥ የቆርቆሮ ሱቅ ተከራይተው ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ። መጀመሪያ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ልሸሽ ነበር፤ እሳቸው ቀድመው እጃቸውን ዘረጉልኝ። "አከም ጂርታ፣ ጽጌ?" ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሰላምታችን አልተቋረጠም። ደርግ ወደቀ፤ እርሻው ፈረሰ፤ ልጆች አሳደግን። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንስተን አናውቅም።

ለሄለን ታሪኩን ስነግራት ይህን ሁሉ ነግሬያት፣ የአጣሪዎቹ ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን "ደብዳቤው ጠፋ" ብዬ አለፍኩ።

"እንዴት ጠፋ?" አለች። "ቅጂ ነበረው አላልሽም?"

ተነስቼ የራት ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። አየችኝና ሌላ አልጠየቀችም። ያን ሳምንት የክሊኒኩን ገጽ አፍርሳ ሠራችው፤ የሐኪሞቹ ቀንና ስልኩ መጀመሪያ በጽሑፍ ይገባሉ፣ ሌላው ከኋላ ይከተላል። ሁሉን እንዲህ አታደርግም፤ አሁንም አንዳንዱ ሥራ ያለ ጃቫስክሪፕት አይሆንም ትለኛለች፤ እኔም እቀበላታለሁ። ግን ከእጇ ከመውጣቱ በፊት አጥፍታ ታየዋለች።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቆርጬ ጋሽ ደቻሳ ሱቅ ሄድኩ። አንድ አሮጌ ሬዲዮ ከፍተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ይፈትሻሉ። በርጩማ ሰጡኝ።

"ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ" አልኩ።

"ንገሪኝ።"

"ደብዳቤዎ ነበረ። እኔ ጋ ነበር። አቃጠልኩት።"

ካቻቢቴውን አላስቀመጡም። "አውቃለሁ" አሉ። "ሁለት ቅጂ ስትመቺ ፊትሽ ቆሜ ነበር እኮ። አንዱን አስገባሽ፤ ሁለተኛው ወዴት ይሄዳል?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምንም ሳይሉኝ?"

"ልጅ ነበርሽ። ፈርተሻል። እኔስ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ምን እንደምል በምን አውቃለሁ?" ሬዲዮውን ገፋ አደረጉት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። "እኔ ልጠይቅሽ የምፈልገው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ። ያን ቀን ቁልፉን ከተጫንሽ በኋላ ምን አደረግሽ?"

"መዝገብ ላይ ጻፍኩ።"

"ከዚያስ?"

"ተቀመጥኩ።"

"ሰዓት ተኩል ነበረሽ። ሁለት ቁጥር በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሰው ለምን አልላክሽም? ደርሶ 'ሰምታችኋል ወይ' የሚል አንድ ሰው?"

"ጋሼ፣ ጮኸ እኮ! እኔ ራሴ ሰማሁት። ጆሮዬን እስክይዝ ድረስ ነው የጮኸው።"

"አዎ" አሉ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። "አንቺ ሰማሽው።"

ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ሬዲዮው ተመለሱ። ተነሳሁ። "ደህና ዋዪ" አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማርታን የወሰዳት ውሃው ብቻ እንደሆነ ነበር የማስበው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ ሰው ሳስቷል። እትዬ ብዙነሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰውነታቸው አልቋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ይወድሽ ነበር" አሉኝ። "'ጽጌ ጎበዝ ልጅ ናት' ይል ነበር።"

ማልቀስ አቃተኝ።

"ስለ እርሻው አንስቶ አያውቅም" ቀጠሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "አንዴ ብቻ፣ የተፈታ ሰሞን፣ እኔ ጠየቅሁት። 'ያ ጻፍኩ ያልከው ደብዳቤ፣ ጽጌ ብትፈልገውም የለም አለች፤ እውነት ጽፈህ ነበር?' አልኩት። 'ተሳስቼ ይሆናል፣ ብዙነሽ' አለኝ። ደቻሳ እንዲህ ብሎ አያውቅም። እስር ቤት አእምሮውን ነክተውት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሁሉ፣ እውነት ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። አይቀየመኝ፤ እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበርኩ።"

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ። አንድ ሕፃን ደጃፉ ላይ ይጫወታል። እንደገና "የለም" ማለት፣ ዝም ማለት፣ "አይዞዎት" ብሎ መነሳት ይቻል ነበር።

"እትዬ ብዙነሽ" አልኩ። "አልተሳሳቱም። ጽፈዋል። የመታሁት እኔ ነኝ፤ ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ። እርስዎ የመጡ ዕለት ስፈልግ የነበረው የሌለውን ነው። እሳቸው ያውቁ ነበር።"

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "ያውቅ ነበር" አሉ። አንዴ ብቻ።

እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሱ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው አዩኝ። እኔ ግን አልተነሳሁም። ሂጂ እስኪሉኝ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሂጂም አላሉኝም።